መነሻው የት ነው? «ዘ ዌይ» የተሰኘው ፊልምና የዘመናችን መንፈሳዊ ጉዞ

መግቢያ

ከምእመኖቻችሁ አንዱ መጥቶ፣ «መጋቢ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ፈረንሳይ ልሄድ ነው፤ ከዚያ ተነሥቼ እስከ ስፔን ዳርቻ ድረስ አንድ ወር በእግሬ እጓዛለሁ፤ በጸሎት አስቡኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ የምታገለግሉ ወገኖች ጥያቄው እንግዳ አይሆንባችሁም። ሁለት መልሶች አፋችን ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። አንደኛው፣ «ይህ በሥራ ለመጽደቅ መሞከር ነው፤ ተሐድሶ የጣለውን ለምን ታነሣለህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «መልካም ነው፤ አእምሮህ ያርፋል፣ ሰውነትህም ይጠነክራል» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ሰውየውን ባላሰበው ኃጢአት ይከሰዋል። ሁለተኛው ደግሞ ሰውየው የተናገረውን ከነጭራሹ አልሰማም።

በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውንና ይህንኑ ጉዞ በዓለም ዙሪያ ይበልጥ ያስተዋወቀውን «ዘ ዌይ» (መንገዱ) የተሰኘ ፊልም እንገመግማለን። ስለ ፊልሙ ብዙ ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን የማተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ፊልሙ የጉዞውን መነሻ በሚያይበት መንገድ ላይ። የተሐድሶ አባቶች በዋነኛነት የተከራከሩት መንፈሳዊ ጉዞ ወዴት ያደርሳል በሚለው ላይ ነበር። የዛሬው ተጓዥ ፈተና ያለው ግን መድረሻው ላይ ሳይሆን መነሻው ላይ ይመስለኛል። ይህን ካላስተዋልን ትችታችን ባዶ ወንበር ላይ የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል።

ወደ መነሻው የሚደረግ ጉዞ

«ካሚኖ» በስፓኒሽ ቋንቋ መንገድ ማለት ነው። መንገዱ የሚያደርሰው በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ ወደሚገኘው የሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ካቴድራል ነው። የዘብዴዎስ ልጅ የያዕቆብ መቃብር በዚያ ነው የሚለው ልማድ ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ነው። ሐዋርያው በሄሮድስ ትእዛዝ በሰይፍ መገደሉን ከሐዋ. 12፥2 እናውቃለን፤ አስከሬኑ ወደ ስፔን ስለ መሄዱ ግን መጽሐፍ ቅዱስ አንዳች አይናገርም።

በመካከለኛው ዘመን ይህን መንገድ የሚሄድ ሰው «ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ አልነበረበትም። የሚነሣው ከገዛ ደጁ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት የተዘጋጀውና የካሊክስቱስ መጽሐፍ በመባል የሚታወቀው ጥራዝ በፈረንሳይ ምድር የሚያልፉ አራት መንገዶችን ይዘረዝራል። ሆኖም እነዚህ ከየመንደሩ የወጣው ሕዝብ የሚቀላቀልባቸው ዋና መንገዶች ነበሩ። ሰው ወደ እነርሱ የሚደርሰውም እየተጓዘ ነው፤ ጉዞው ጎረቤቶቹ ከሸኙት ሰዓት ጀምሮ ተጀምሯል። ሳንቲያጎ ከደረሰም በኋላ ያንኑ መንገድ ወደ ቤቱ መመለስ ነበረበት።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ረጅሙን መንገድ የሚመርጡ ብዙ ተጓዦች የሚነሡት በፈረንሳይ ባስክ ምድር፣ ከፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ካለችው ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ነዋሪዎቿ 1,500 ያህል ናቸው። ተጓዡ በአውሮፕላን ባሕር ይሻገራል፤ ባዮን ወደምትባለው ከተማ ይመጣል፤ ከዚያም የኒቭን ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ በሚወጣ ትንሽ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይጓዛል። ከባቡሩ ሲወርድ ሁሉም እንደ እርሱ ቦርሳ ያዘሉ ናቸው። በጎ ፈቃደኞች የሚያገለግሉበት የተጓዦች ቢሮ ገብቶ በየማደሪያው ማኅተም የሚመታበትን ደብተር ይቀበላል፤ የተጓዥ ምልክት የሆነውን የባሕር ዛጎል ቦርሳው ላይ ያንጠለጥላል። በማግስቱ ጠዋት የስፔን በር በተባለው የከተማዋ በር ወጥቶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሮንሴስቫዬስ ይጓዛል፤ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከዚያ ቦታ እንዲነሣ ያዘዘው ማንም የለም። በሳንቲያጎ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ይበቃል፤ ስለዚህም ከሁሉ የሚበዙት ተጓዦች የሚነሡት ሳሪያ ከተባለች የጋሊሲያ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ወረቀት የተቀበሉት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ስለ ያዕቆብ መቃብር ብትጠይቋቸው በትከሻቸው ይመልሱላችኋል። ታዲያ በአውሮፕላን ውቅያኖስ አቋርጦ በእግር ለመሄድ የሚደክም ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? የምድር መንገድ በአገሩ ሞልቷል። እርሱ የፈለገው መጀመሪያ ነው። ትኬቱን ሲቆርጥ የሚገዛው፣ ያለፈው ሕይወቱ የማይከተለውና ማንም የማያውቀው ሰው ሆኖ አንድ ጠዋት የሚነሣበት ቦታ ነው።

የፊልሙ ታሪክ

ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀው ኤሚሊዮ ኤስቴቬዝ ነው፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተውም አባቱ ማርቲን ሺን ነው። ቶም በካሊፎርኒያ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት የዓይን ሐኪም ነው። አንድ ልጁ ዳንኤል የዶክትሬት ትምህርቱን ትቶ ዓለምን ለማየት ይነሣል። አባትየው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያደርሰው መኪና ውስጥ ይከራከራሉ። ልጁ አባቱን አብረን እንሂድ ቢለውም አባት ሥራ አለኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ቶም ከጓደኞቹ ጋር ጎልፍ እየተጫወተ ሳለ ስልኩ ይጮኻል፤ መርዶ ነው። ዳንኤል ከሳን ዣን በተነሣ በመጀመሪያው ቀን ተራራው ላይ ማዕበል ይዞት ሞቷል።

ቶም ወደ ሳን ዣን የሚሄደው ስለዚህ ነው። እንደ ሌሎቹ መንገደኞች ባሕር ይሻገራል፣ በባቡርም ይመጣል፤ የሚፈልገው ግን የልጁን አስከሬን ተቀብሎ መመለስ ብቻ ነው። አስከሬኑን ካየ በኋላ ሐሳቡ ይለወጣል። አስከሬኑን አቃጥሎ አመዱን በሣጥን ይይዛል፤ የልጁን ቦርሳ ያዝላል፤ ልጁ ሊጨርሰው ያልቻለውን መንገድ ይጀምራል። በመንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ይቀላቀሉታል፦ ክብደት ለመቀነስ የሚጓዝ ሆላንዳዊ፣ ሲጋራ ለመተው የመጣች ካናዳዊት፣ መጻፍ ያቃተው አየርላንዳዊ ደራሲ። ቶም በየቦታው ከአመዱ ጥቂት ጥቂት ይተዋል። ሳንቲያጎ ሲደርስ የምስክር ወረቀቱ በልጁ ስም እንዲጻፍ ይጠይቃል። የቀረውንም አመድ ሙሺያ በተባለው የባሕር ዳርቻ ይበትናል።

ፊልሙ በመጀመሪያው ሩብ ላይ ከብዙ ስብከቶች የበለጠ እውነት ይናገራል። ዳንኤል መነሻውን መርጦ የመጣ ሰው ነው፤ በተነሣበት ቀን ሞተ። ቶም ግን መነሻ ፍለጋ አልመጣም። ሳይፈልገው፣ ሳይዘጋጅበት፣ ለእግሩ የሚሆን ጫማ እንኳ ሳያስብ ሬሳ ማቆያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ራሱን መነሻው ላይ አገኘው። ሰው ሕይወቱ የሚለወጥበትን ቦታ እንደ ሆቴል ክፍል አስቀድሞ ሊይዘው እንደማይችል ፊልሙ ያውቃል። ለዚህም ክብር ይገባዋል።

ተሐድሶ የተቃወመው ምን ነበር?

መንፈሳዊ ጉዞን ለመተቸት ወንጌላውያን የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን በዓይኑ አይቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቦታ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበው፣ ልቡ በክፉ አሳብ የተሞላ ሰው ጎልጎታ ላይ ቢቆምም ከክርስቶስ የራቀ መሆኑን አስተምሯል። በ1530 የቀረበው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫም መንፈሳዊ ጉዞን ሕዝብ ከእምነት ይልቅ ሲማርባቸው ከቆየው አላስፈላጊ ሥራዎች መካከል ይቈጥረዋል። ይህ ትችት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ጽድቅንና ስርየትን በጉዞ ለማግኘት ለሚወጣ ሰው ሁሉ መነገር አለበት።

ነገር ግን ሉተርን በጥሞና ብናነብበው ሌላም ነገር እናገኛለን። በ1520 ለጀርመን መሳፍንት በጻፈው ጽሑፍ ሉተር ወደ ሮም የሚሄደውን ሰው ሲገሥጽ ዓይኑን የጣለው ሮም ላይ ብቻ አይደለም። ያ ሰው የወጣበትን ቤት ዘወር ብሎ አየ። ማንም ላላዘዘው ጉዞ ገንዘቡን አፍስሶ ሚስቱንና ልጆቹን ወይም ባልንጀራውን በችግር ውስጥ ትቶ መውጣቱን ነው የነቀፈው። የሚገርመውም፣ ሰው አገርና ከተማ ለማየት ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሉተር እንደ ፈቃዱ ይሁን ይላል። የተቃወመው መንገዱን አይደለም፤ እግዚአብሔር በአጠገቡ ያስቀመጠለትን ትቶ እግዚአብሔርን ሩቅ ቦታ የሚፈልገውን ልብ ነው። ይህ የሉተር አስተውሎት ከመቃብሩ ክርክር ይልቅ ለዘመናችን የቀረበ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ጉዞን ሲተርክ መነሻውን አያሳምረውም። የመዓርግ መዝሙራት፣ ማለት ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ሕዝብ መዝሙራት፣ የሚጀምሩት በጽዮን ደስታ አይደለም። የመጀመሪያው (መዝ. 120፤ በቀድሞው አቈጣጠር 119) ሐሰተኛ ምላስ ባስጨነቀውና ሰላምን በሚጠሉ ሰዎች መካከል በተቀመጠ ሰው ጩኸት ነው የሚጀምረው። ዘማሪው መጀመሪያ ወደ ጸጥተኛ ስፍራ ሄዶ ከዚያ አልተነሣም፤ ከነጭንቀቱ ካለበት ጮኸ። አብራምም የተጠራው በካራን ቤተ ሰቡ መካከል ሳለ ነው (ዘፍ. 12)። ቡኒያንም በ1678 ባሳተመው በታወቀው ታሪኩ ተጓዡን በጀርባው ሸክም ይዞ ከገዛ ከተማው ያስነሣዋል። ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ መውጣቱ አንባቢን ይከነክን ይሆናል፤ ቡኒያን ግን በ1684 ባወጣው ሁለተኛ ክፍል እነርሱንም በዚያው መንገድ ይመራቸዋል።

የጠፋው ልጅ ታሪክ ተገልብጦ

ፊልሙን ከሉቃስ 15 አጠገብ አስቀምጡት። በጌታ ምሳሌ ልጁ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ አባት ቤት ይቀራል። በፊልሙም እንዲሁ ነው። በምሳሌው ግን ልጁ ይመለሳል፣ አባቱም ሞቶ ነበር ሕያውም ሆነ ብሎ ደስ ይለዋል። በፊልሙ አባት ወደ ሩቅ አገር ልጁን ፍለጋ ይወጣል፤ የሚያገኘውም በእርግጥ ሞቶ ነው። ድግስ የለም። ከዚያ በኋላ የምናውቀው የጠፋው አባት ራሱ እንደ ነበረ ነው።

ይህ ግልበጣ የፊልሙ ትልቁ ብርታት ነው፤ ትልቁም ጉድለቱ ያለው በዚሁ ላይ ነው። የምሳሌው ልጅ ጉዞ የት እንደ ተጀመረ አስታውሱ፤ እሪያ በሚጠብቅበት ሜዳ ላይ፣ ወደ ልቡ በተመለሰ ጊዜ ነው። መጀመሪያ አልታጠበም፣ ልብስም አልለወጠም። ከእሪያዎቹ መካከል ተነሥቶ የሚናገረው ቃል ነበረው፤ አባቴ ሆይ በድያለሁ የሚል ኑዛዜ። ቶም እንዲህ ያለ ቃል የለውም። በልጁ ላይ በደል እንዳለበት እናያለን፤ ልጁንም በየመንገዱ ከሰው መካከል ፈገግ ብሎ ሲመለከተው ያየዋል። ነገር ግን «ይቅር በለኝ» የሚል ድምፅ አንሰማም። ፊልሙ ለአባትየው በደል የሚሰጠው መፍትሔ ልጁን መምሰል ነው፦ ቦርሳውን ማዘል፣ መንገዱን መጨረስ፣ በስሙ ወረቀት መቀበል፣ በመጨረሻም እንደ እርሱ ዓለምን መዞር። በመጨረሻው ትዕይንት ቶምን ቦርሳውን እንዳዘለ በሌላ አገር ሲጓዝ እናየዋለን። ይቅርታ ያላገኘ ሰው የሟቹን ሕይወት ሲኖርለት ማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ፊልም ስብከት አይደለም፤ ለምን ኑዛዜ ትጠይቀዋለህ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለፊልሙ የንስሐ ጥሪ ልጨምርበት አልፈልግም። የበደልን ጥያቄ ያነሣው ግን ፊልሙ ራሱ ነው፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በተደረገው በዚያ የመኪና ንግግር። ቶም በእውነቱ መመለስ የሚያስፈልገው ወደ ሳን ዣን ሳይሆን ወደዚያች መኪና ነበር። ወደዚያ የሚወስድ ባቡር ደግሞ የለም። ሰው ሊመለስበት ወደማይችለው ያለፈ በደሉ ሊገባ የሚችል አንድ ብቻ ነው። በወንጌል ወደ መነሻችን የመጣው እርሱ ነው። ወረቀቱ በሟች ስም የተጻፈበት ያ ትዕይንትም ከዚህ እውነት አጠገብ ደርሶ ያልፋል። በፊልሙ ሕያው ለሙት ይጓዛል፣ ሙት ግን ሙት ሆኖ ይቀራል። በወንጌል ግን በእኛ ፈንታ መንገዱን የሄደው እርሱ ሞቶ ተነሣ፤ የሄደውም ለእኛ ተቈጠረልን።

ወደ ራሳችን ስንመለከት

እዚህ ላይ ቆመን ፈረንጁን ብቻ ብንተች ግብዝነት ይሆንብናል። በመድረኮቻችን «አዲስ ጅማሬ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናል? ተሳላሚውን እየነቀፍን፣ ምእመኑን ግን መለወጥህ ያለው በሚቀጥለው ኮንፈረንስ ነው፣ በዚያ ጸሎት ቤት ነው፣ በዚያ አገልጋይ እጅ ነው ስንለው እኛም የመነሻ ቦታ እየሸጥንለት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚኖርባትን ኪራይ ቤት፣ ከሚስቱ ጋር ያለውን ጭቅጭቅ፣ ያልከፈለውን ዕዳ እግዚአብሔር የማይደርስበት ስፍራ አደረግንበት። ቋንቋችን ሁለት ቃላት ሰጥቶናል፦ ቅዱስ ቦታ ለመሳም የሚሄደው ተሳላሚ ነው፤ በምድር ላይ እንግዳ ሆኖ የሚኖረው ግን መጻተኛ ነው (ዕብ. 11፥13)። ተሳላሚ ለመሆን መሄድ ያስፈልጋል። መጻተኛ ግን ሰው በተወለደበት ሰፈርም ይሆናል።

ከፊልሙ የምንማረው መልካም ነገርም አለ። ከቶም ጋር የተጓዙት ሦስቱ ሰዎች ለልቅሶ የመጡለት ያህል ናቸው። አንዳቸውም ሐዘኑን ሊያስረዱት አልቻሉም፤ ግን አብረውት ሄዱ፣ አብረውት በሉ፣ አብረውት አደሩ። ሳይናገር ቆይቶ ሊናገር የቻለው ስለዚህ ነው። እኛ አገር ይህን ለማግኘት ተራራ መሻገር አያስፈልግም፤ ሐዘንተኛ ቤት ሰው ይሞላል። ከአረብ አገር የሚመጣ የልጅ አስከሬን ለመቀበል ከቤተ ሰቡ ጋር ቦሌ የቆማችሁ ቶም ያደረገውን ጉዞ ታውቁታላችሁ። የኢዮብ ወዳጆችም አብረውት በዝምታ በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት ከኋላ ከተናገሩት ሁሉ የተሻለ አገልግለውታል (ኢዮ. 2፥13)። ለቅሶ ቤቱን ቶሎ በስብከት ስንሞላው፣ ሐዘንተኛው የሚሰማው ሰው ፍለጋ ሌላ አገር ቢሄድ በምን እንወቅሰዋለን?

ማጠቃለያ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ያ ምእመን መጥቶ ጸልዩልኝ ቢላችሁ፣ አትሂድ ለማለት አትቸኩሉ። መራመድ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታችንም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቷል። በሉተር ዓይን፣ ስትሄድ ቤትህ ማን ይቀራል ብላችሁ ጠይቁት። ቀጥሎም በቦርሳህ የማን አመድ አለ ብላችሁ ጠይቁት፤ በእነዚህ ቃላት ባይሆንም። ምናልባት ያልታረቀው አባት፣ ያልተቀበረ ሐዘን፣ ወይም ለማንም ያልተናገረው ውድቀት ይኖራል። ያን ሲነግራችሁ ቢሮአችሁ የጉዞው መነሻ ሆኗል፤ ሳን ዣን ሲደርስ አስቀድሞ የተነሣ ሰው ይሆናል።

በትንሣኤው ቀን ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ከኢየሩሳሌም እየራቁ ነበር። ጌታ ወደ ትክክለኛው መነሻ ተመለሱና ከዚያ እንጀምር አላላቸውም። ቀርቦ ከእነርሱ ጋር ሄደ፤ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፣ ሐዘናቸውንም እስኪጨርሱ ሰማቸው (ሉቃ. 24)። ሰውየው ትኬቱን ቆርጦም ቢሆን ሳይቆርጥ፣ ከእናንተ ዘንድ ሲወጣ ይህን ጌታ አግኝቶ ይውጣ።